አሥር ለሦስት፦ የኖርዝ ካሮላይና የምርጫ ካርታ ጉዳይ

በፌብሩዋሪ 2016 አጋማሽ በኖርዝ ካሮላይና ዋና ከተማ በራሌይ፣ የግዛቱ ምክር ቤት አባላት የኮንግረስ ምርጫ ክልሎችን ካርታ እንደገና ለመሥራት በአንድ የጋራ ኮሚቴ ተሰብስበው ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከኮሚቴው ሁለት ሰብሳቢዎች አንዱ የነበሩት ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ሉዊስ፣ ካርታው ለአሥር ሪፐብሊካንና ለሦስት ዴሞክራት የፓርቲ ብልጫ እንዲሰጥ ሆኖ እንዲሠራ ሐሳብ አቀረቡ። ምክንያታቸውንም አልደበቁም፤ አሥራ አንድ ሪፐብሊካንና ሁለት ዴሞክራት የሚያስገኝ ካርታ መሥራት የሚቻል ስላልመሰላቸው መሆኑን በዚያው በስብሰባው ላይ ተናገሩ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደረግ አድራጊው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ምክንያት ይሰጠዋል። ወሰኑ የተሠመረው ወንዙን ተከትሎ ነው፣ የካውንቲውን (በግዛት ሥር ያለውን የአስተዳደር አካባቢ) ወሰን ላለማፍረስ ነው፣ የሕዝቡን ቁጥር ለማመጣጠን ነው ይባላል። በራሌይ የሆነው ግን የተለየ ነበር፤ የካርታው ዓላማ በቃል ተነገረ፣ በመመዘኛነት በጽሑፍ ሰፈረ፣ በድምፅ ብልጫ ጸደቀ፣ በቃለ ጉባኤም ተያዘ። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ለዓመታት በፍርድ ቤት ሲሟገቱ የኖሩት ወገኖች ነገሩ ተደርጓል ወይስ አልተደረገም በሚለው ላይ ብዙም የሚከራከሩበት አልነበራቸውም። ክርክሩ ይህን የሚዳኘው ማን ነው በሚለው ላይ ነበር። ይህን ጉዳይ ከብዙዎቹ መካከል የመረጥሁትም ስለዚሁ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ሳይካድ ዳኛ ያጣ ጉዳይ ነውና።

ካርታውን የሚሠራው ማን ነው?

ጉዳዩን ለመረዳት አስቀድሞ ሥልጣኑ በማን እጅ እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካ የኮንግረስ የተወካዮች ምክር ቤት 435 መቀመጫዎች በየአሥር ዓመቱ በሚደረገው የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ለግዛቶች ይከፋፈላሉ፤ እያንዳንዱ ግዛት ደግሞ የደረሰውን መቀመጫ ያህል የምርጫ ክልሎችን ይከልላል። ከእያንዳንዱ የምርጫ ክልል ብዙ ድምፅ ያገኘው አንድ ሰው ብቻ ያልፋል። በአገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 103 መሠረት የምርጫ ክልሎችን ወሰን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሲሆን፣ የሚወስነውም የሕዝብ ቆጠራን ውጤትና የምርጫ ቦርድ የሚያቀርበውን ሐሳብ መሠረት አድርጎ ነው። በኖርዝ ካሮላይና ግን እንዲህ ያለ መካከለኛ ተቋም የለም። ካርታውን የሚሠራው የግዛቱ ምክር ቤት ራሱ ነው፤ በምክር ቤቱ አብላጫ ያለው ፓርቲ የራሱንም የተፎካካሪውንም ወሰን ያሠምራል። የግዛቱ ገዥ ሕግ የመሻር ሥልጣን ያገኘው በ1996 በተደረገ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሲሆን፣ ያው ማሻሻያ የምርጫ ክልል ካርታን ከዚህ ሥልጣን ውጭ አድርጎታል። በዚህም ምክንያት ገዥው ከየትኛውም ፓርቲ ቢሆን ካርታውን ለማስቆም የሚያነሣው እጅ የለውም። ይህች አንዲት የሕግ ነጥብ በጉዳዩ ታሪክ ሁሉ ውስጥ ደጋግማ ትመጣለችና አንባቢ ቢይዛት እወዳለሁ።

ወሰንን ለራስ ፓርቲ ጥቅም የማሠመር ዘዴ አሠራሩ በቁጥር ሲታይ ቀላል ነው። ሃምሳ መራጮች ያሉበትና አምስት ተወካዮችን የሚመርጥ አንድ አካባቢ አለ እንበል፤ ሠላሳዎቹ የአንደኛው ፓርቲ፣ ሃያዎቹ የሁለተኛው ደጋፊዎች ናቸው። እያንዳንዱ የምርጫ ክልል አሥር አሥር መራጭ ይይዛል። ወሰን አሠማሪው የሁለተኛው ፓርቲ ሰው ከሆነ፣ ከአንደኛው ፓርቲ ደጋፊዎች አሥራ ስምንቱን በሁለት ክልሎች ዘጠኝ ዘጠኝ አድርጎ ያጭቃቸዋል፤ የቀሩትን አሥራ ሁለቱን ደግሞ በሦስቱ ክልሎች አራት አራት አድርጎ ይበታትናቸዋል። በሁለቱ ክልሎች አንደኛው ፓርቲ ዘጠኝ ለአንድ ያሸንፋል፤ በሦስቱ ክልሎች ሁለተኛው ፓርቲ ስድስት ለአራት ያሸንፋል። ሃያ ሰዎች ሦስት ወንበር፣ ሠላሳ ሰዎች ሁለት ወንበር ያገኛሉ። አንድም ድምፅ አልተሰረቀም፣ ኮሮጆ አልተገለበጠም፣ ቆጠራው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ውጤቱ ከምርጫው ቀን በፊት ተወስኗል። ማጨቅና መበታተን፣ ጄሪማንደር የሚባለው ጥበብ በሙሉ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ስሙ የመጣው በ1812 የማሳቹሴትስ ገዥ የነበሩት ኤልብሪጅ ጌሪ ካጸደቁት፣ ሰላማንደር የሚባለውን እንሽላሊት መሰል እንስሳ ይመስላል ከተባለ የምርጫ ክልል ነው።

ከ2016 በፊት

የኖርዝ ካሮላይና ነገር በሪፐብሊካን አልተጀመረም፤ ይህን መዝለል ተገቢ አይሆንም። የግዛቱን ምክር ቤት ዴሞክራቶች በያዙበት ዘመን በ1992 የተሠራው ካርታ ዐሥራ ሁለተኛ የሚባል የምርጫ ክልል ነበረው። ይህ ክልል 160 ማይል ያህል እየተጠማዘዘ፣ በብዙ ቦታ ኢንተርስቴት 85 ከሚባለው አውራ ጎዳና ብዙም ሳይሰፋ የሚሄድ ቀጭን መስመር ነበር። የዚያ ካርታ አንድ በጎ ፍሬ ግን አለ፤ ከ1901 ወዲህ አንድም ጥቁር ተወካይ ወደ ኮንግረስ ልኮ የማያውቀው ግዛት በዚያ ዓመት ኢቫ ክሌይተንንና ሜል ዋትን ላከ። የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1993 ሾው በሪኖ ላይ በተባለው መዝገብ፣ ወሰን በዋናነት በዘር ላይ ተመሥርቶ ሲሠመር በፍርድ ቤት ሊመረመር እንደሚችል ወሰነ። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ተፈጠሩ፤ በዘር የተሠመረ ወሰን ሊሻር ይችላል፣ በፓርቲ የተሠመረ ወሰን ግን ምን እንደሚደረግ ግልጽ አልነበረም። ችግሩ በኖርዝ ካሮላይና ጥቁር መራጮች በከፍተኛ ብልጫ ዴሞክራት የሚመርጡ መሆናቸው ነው። ስለዚህ አንድን ወሰን አይቶ «ይህ በዘር ነው ወይስ በፓርቲ?» ብሎ መለየት እጅግ ከባድ ሆነ፤ ለተከሳሹም «በዘር አይደለም፣ በፓርቲ ነው» የሚለው መልስ መከላከያ እስከመሆን ደረሰ።

በ2010 ምርጫ ሪፐብሊካኖች ከመቶ ዓመት በላይ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የግዛቱን ሁለቱንም ምክር ቤቶች ያዙ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አልነበረም። ፓርቲው በአገር አቀፍ ደረጃ ሬድማፕ በሚል ስያሜ፣ ከ2010 ቆጠራ በኋላ ካርታ የሚሠሩትን የግዛት ምክር ቤቶች ለመያዝ ገንዘቡንና ጉልበቱን በእነዚያ ላይ አውሎ ነበር። በ2011 የወጣው ካርታ የተሠራው ቶማስ ሆፌለር በተባሉ፣ ለፓርቲው ለአሥርታት ዓመታት ወሰን ሲያሠምሩ በኖሩ ባለሙያ ነው። ውጤቱ በ2012 ታየ። ከምርጫው በፊት የግዛቱ የኮንግረስ ተወካዮች ሰባት ዴሞክራትና ስድስት ሪፐብሊካን ነበሩ። በ2012 ዴሞክራት ዕጩዎች በግዛቱ በአጠቃላይ ከግማሽ በጥቂቱ የሚበልጥ ድምፅ አገኙ፤ ከአሥራ ሦስቱ ወንበር ያገኙት ግን አራቱን ብቻ ነው። በ2014 ደግሞ ሦስት ቀሩ።

በፌብሩዋሪ 5 ቀን 2016 ሦስት ዳኞች የተሰየሙበት የፌዴራል ችሎት፣ የ2011 ካርታ አንደኛና ዐሥራ ሁለተኛ ክልሎች በዘር ላይ ተመሥርተው የተሠሩ ስለሆነ ሕገ ወጥ ናቸው ብሎ ወሰነ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥም ሌላ ካርታ እንዲቀርብ አዘዘ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ይህንን ውሳኔ በሜይ 2017 አጽንቶታል። በመግቢያው የተጠቀሰው ስብሰባ የተካሄደው በዚያች ሁለት ሳምንት ውስጥ ነው።

ሁለቱ ሳምንታት

የኮሚቴው ሰብሳቢዎች ሉዊስና ሴናተር ሮበርት ሩቾ በድጋሚ የቀጠሩት ያንኑ ሆፌለርን ነበር። ትእዛዙ በሁለት በኩል የተሳለ ነበር። የዘር መረጃ ጨርሶ እንዳይነካ፣ የድምፅ መረጃ ግን እንዲሠራበት። ሆፌለር በኮምፒውተራቸው ላይ ካርታ መሥሪያ ፕሮግራም ከፍተው፣ ከሰባት ግዛት አቀፍ ምርጫዎች የተገኘውን ውጤት አዋሕደው ለእያንዳንዱ የምርጫ ጣቢያ አካባቢ አንድ መለኪያ አወጡለት፤ እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት ወደየትኛው ፓርቲ እንደሚያዘነብል በቀለም እንዲታይ አደረጉ። ከዚያ ወሰኑን እያንቀሳቀሱ ቁጥሩን ማስተካከል ነው። በኋላ በችሎት እንደተረጋገጠው፣ ኮሚቴው ተሰብስቦ መመዘኛዎቹን ከማጽደቁ በፊት ካርታው በአብዛኛው ተጠናቅቆ ነበር። መመዘኛዎቹ የጸደቁት ካርታው ከተሠራ በኋላ ነው ማለት ነው። ከመመዘኛዎቹ አንዱ በርእሱ «የፓርቲ ብልጫ» የሚል ሲሆን፣ የነበረው የአሥር ለሦስት አሰላለፍ እንዲጠበቅ ያዝዛል። በኮሚቴው ውስጥ ሪፐብሊካኖቹ ደግፈው፣ ዴሞክራቶቹ ተቃውመው አለፈ።

አዲሱ ካርታ ለዓይን ከቀድሞው የተሻለ ነበር፤ ይህን ነጥብ ብዙ ጸሐፊዎች ሳያዩት ያልፋሉ። ለሃያ ዓመት መሣለቂያ የነበረው ዐሥራ ሁለተኛው ክልል እባብነቱ ቀርቶ ሙሉ በሙሉ በአንድ ካውንቲ ውስጥ፣ በሻርሎት ከተማና አካባቢዋ ተሰበሰበ። የተሰነጣጠቁ ካውንቲዎችም ቁጥር ቀነሰ። ጄሪማንደርን በቅርጹ አስቀያሚነት የሚያውቅ ሰው ይህን ካርታ ቢያየው ምንም እንግዳ ነገር አያገኝበትም ነበር። ግን ሻርሎትን በአንድ ክልል መሰብሰብ በዚያ ያሉ ዴሞክራቶችን ማጨቅም ነው። ኮምፒውተሩ ከተሳለ ወዲህ አሠማሪው ወሰኑን ማጣመም አላስፈለገውም፤ ቀጥ ያለ መስመርም የፈለገውን ሥራ ይሠራለታል።

ይሁን እንጂ ቀረብ ብለው ሲያዩት ምላጩ ያለፈበት ቦታ ይታያል። በግሪንስቦሮ ከተማ ኖርዝ ካሮላይና ኤ ኤንድ ቲ የሚባለው፣ በአሜሪካ ከጥቁሮች ታሪካዊ ዩኒቨርሲቲዎች በተማሪ ብዛት ትልቁ የሆነው ተቋም ይገኛል። በፌብሩዋሪ 1960 በዎልዎርዝ መደብር ለነጮች ብቻ በተባለው የምግብ ባንኮኒ ተቀምጠው አንነሣም ያሉት አራቱ ወጣቶች የዚህ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። የ2016 ካርታ ግቢውን ለሁለት ከፈለው። ወሰኑ የሄደው ግቢውን አቋርጦ በሚያልፈው በሎረል ጎዳና ላይ ነው፤ ከጎዳናው በአንዱ በኩል ያለው ስድስተኛ የምርጫ ክልል፣ በሌላው በኩል ያለው ዐሥራ ሦስተኛ ሆነ። ሁለቱም ሪፐብሊካን እንዲያሸንፍባቸው የተሠሩ ነበሩ። አንድ ተማሪ ጎዳናውን ተሻግሮ ወደ ትምህርት ክፍሉ ሲሄድ የኮንግረስ ተወካዩን ይለውጣል፤ በዓመቱ መኝታ ክፍሉ ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ቢዛወር የሚመርጠው ዕጩ ይለወጥበታል፣ ምዝገባውንም ማስተካከል ይኖርበታል። በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ጥቁር መራጮች በአንድ ላይ ቢቆጠሩ አንድ ተወካይ ደጃቸውን እንዲያንኳኳ የሚያስገድዱ ነበሩ። ተከፍለው ግን በሁለቱም ክልል ውስጥ ሊዘነጉ የሚችሉ ሆኑ። የዘር መረጃ አልተነካም መባሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለሎረል ጎዳና ነዋሪ ግን ልዩነቱ ምኑ ላይ እንደሆነ ለማስረዳት የሚችል ሰው አላገኘሁም።

በምዕራብ በተራሮቹ መካከል ያለችው አሽቪልም ዕጣዋ ይኸው ነበር። በዙሪያዋ ካለው ገጠር ይልቅ ወደ ዴሞክራት የምታዘነብለው ይህች ከተማ ከ2011 ጀምሮ በዐሥረኛውና በዐሥራ አንደኛው ክልሎች ተከፍላ፣ ድምፅዋ በሁለቱም ወገን በገጠሩ ድምፅ ተውጦ ቀረ።

ቁጥሮቹ የተናገሩት

በ2016 ምርጫ ሪፐብሊካን ዕጩዎች በግዛቱ 53 በመቶ ድምፅ አግኝተው ከ13ቱ ወንበሮች 10ሩን ወሰዱ። ዴሞክራቶች ባሸነፉባቸው ሦስት ክልሎች አሸናፊዎቹ ያገኙት ከ66 በመቶ በላይ ነበር፤ ሪፐብሊካኖች ያሸነፉባቸው አብዛኞቹ ክልሎች ግን ከ56 እስከ 64 በመቶ ባለው መካከል ወደቁ። ከላይ በሃምሳ መራጮች ያሳየሁት ምሳሌ በእውነተኛ ሰዎች ሲደገም ይህን ይመስላል፤ አንዱ ወገን ሳያባክን ያሸንፋል፣ ሌላው በትርፍ ድምፅ ተጨናንቆ ያሸንፋል። በ2018 ደግሞ ነፋሱ በአገሪቱ በሙሉ ወደ ዴሞክራቶች ነፍሶ ሳለ፣ ሪፐብሊካኖች በግዛቱ ግማሽ ያህል ድምፅ ይዘው ውጤታቸው ከጸደቀው 12 ወንበሮች 9ኙን ያዙ። የዘጠነኛው ክልል ውጤት በፖስታ በሚላክ ድምፅ ላይ በተፈጸመ ማጭበርበር ምክንያት ሳይጸድቅ ቀርቶ ምርጫው በ2019 ተደግሟል።

እዚህ ላይ ካርታውን የሚደግፉ ሰዎች የሚያነሡት አንድ ክርክር አለ፤ ክርክሩም ክብደት ያለው ነው። ዴሞክራቶች የሚኖሩት በሻርሎት፣ በራሌይ፣ በደርሃምና በግሪንስቦሮ ተሰብስበው ስለሆነ፣ ማንም ወሰን ቢያሠምር በተፈጥሮ ታጭቀው ይገኛሉ፤ ጥፋቱ የአሰፋፈሩ እንጂ የካርታው አይደለም ይላሉ። ለዚህ ክርክር መልስ የሰጠው የሒሳብ ሊቃውንት ሥራ ነው። በችሎቱ የቀረበ አንድ ባለሙያ፣ የፓርቲን መረጃ ሳያይ ሌሎቹን የአከላለል መመዘኛዎች ብቻ እየተከተለ 3,000 የተለያዩ ካርታዎችን እንዲሠራ ኮምፒውተርን አዘዘ። ሰዎቹ የሚኖሩት በዚያው በቤታቸው ነው፤ ከተማው በከተማነቱ፣ ገጠሩ በገጠርነቱ አለ፤ የተለወጠው ወሰኑ ብቻ ነው። ከሦስቱ ሺህ ካርታዎች እያንዳንዱ ምክር ቤቱ ካወጣው ካርታ ይልቅ ቢያንስ አንድ ዴሞክራት ጨምሮ የሚያስመርጥ ሆነ፤ 77 በመቶዎቹ ደግሞ ሦስት ወይም አራት ይጨምሩ ነበር። ሌላ ባለሙያ በሌላ ዘዴ 24,518 ካርታዎችን ሠርቶ ተመሳሳይ ውጤት አገኘ፤ ከ99 በመቶ የሚበልጡት ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ዴሞክራት ያስመርጡ ነበር። አሰፋፈሩ ለሪፐብሊካኖች የሚሰጠው ጥቅም በእነዚህ ሁሉ ካርታዎች ውስጥ አስቀድሞ ተቆጥሯል። ከዚያ በላይ ያለው የሰው እጅ ነው።

ከችሎት ወደ ችሎት

ኮመን ኮዝና የሴት መራጮች ሊግ የተባሉት ድርጅቶች፣ የግዛቱ ዴሞክራቲክ ፓርቲና መራጮች ባቀረቡት ክስ፣ የፌዴራሉ ችሎት በጃንዋሪ 2018 ካርታውን ሻረ። አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት የኮንግረስ ካርታን ለፓርቲ አድልቷል ብሎ ሲሽር ይህ የመጀመሪያው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን እንደገና እንዲታይ መለሰው፤ ችሎቱም በኦገስት 2018 በዚያው አቋሙ ጸና። ጉዳዩ ሩቾ በኮመን ኮዝ ላይ በሚል ስያሜ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሲቀርብ ከሜሪላንድ የመጣ ሌላ መዝገብ አብሮት ተደመጠ።

የሜሪላንዱ መዝገብ ለእኛ ለብዙዎቻችን ቅርብ ነው። በዚያ ካርታውን የሠሩት ዴሞክራቶች ነበሩ። ስድስተኛው የምርጫ ክልል ከተራራማው ምዕራብ ሜሪላንድ ተነሥቶ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደሚኖሩበት ወደ ሞንጎመሪ ካውንቲ፣ ወደ ጀርመንታውን አካባቢ እንዲዘልቅ ተደረገ። በክልሉ ተመዝግበው የነበሩት ሪፐብሊካን መራጮች ድርሻ ከ47 ወደ 33 በመቶ ወረደ፤ ለሃያ ዓመት በወንበሩ የቆዩት ሮስኮ ባርትሌትም በ2012 ተሸነፉ። የዚያን ጊዜው ገዥ ማርቲን ኦማሊ ዓላማው ዴሞክራት የሚያሸንፍበት ክልል መፍጠር እንደነበር በቃለ መሐላ አምነዋል። በእነዚያ ዓመታት በዚያ ክልል ድምፁን የሰጠ የአገራችን ሰው፣ ወደደም ጠላ፣ የሌላውን ሰው ድምፅ ለማሟሸሽ እንደ ውኃ ተጨምሮ ነበር ማለት ነው። የፓርቲ ምርጫው ምንም ይሁን ምን ይህ ሊከነክነው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

በጁን 27 ቀን 2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአምስት ለአራት ድምፅ ወሰነ። የአብላጫውን ውሳኔ የጻፉት ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ፣ ከመጠን ያለፈ የፓርቲ አድልዎ የሚያስከትለው ውጤት ፍትሕ የጎደለው መስሎ እንደሚታይ አልካዱም። ሆኖም ሕገ መንግሥቱ ፓርቲዎች ባገኙት ድምፅ ልክ ወንበር ይከፋፈሉ አይልም፤ ፖለቲከኞች ወሰን እንዲያሠምሩ የተፈቀደ ከሆነ የፓርቲን ጥቅም ማሰባቸው አይቀርም፤ ታዲያ «ይህን ያህሉ ይበቃል፣ ከዚህ በላይ ያለው ግን ከመጠን ያለፈ ነው» ብሎ ፍርድ ቤት የሚለይበት መለኪያ የለም አሉ። ስለዚህ ጥያቄው ለፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚቀርብ አይደለም፤ መፍትሔው በግዛት ሕገ መንግሥቶች፣ በግዛት ሕጎችና በኮንግረስ እጅ ነው ሲሉ ደመደሙ። ዳኛ ኤሌና ኬገን የልዩነት ሐሳባቸውን ከመንበሩ በንባብ አሰሙ። መለኪያ የለም ለሚለው የሰጡት መልስ እነዚያ ሺህ ካርታዎች ናቸው፤ የግዛቱ የራሱ መመዘኛ፣ የግዛቱ የራሱ አሰፋፈር መለኪያ ነው፣ ከዚያም ምን ያህል እንደራቀ ይታያል አሉ። የጻፉትንም በአክብሮት፣ ነገር ግን በጥልቅ ኀዘን በሚል ቃል ዘጉት።

የዋና ዳኛውን ስጋት እረዳዋለሁ። ዳኞች በየአሥር ዓመቱ የሃምሳ ግዛቶችን ካርታ እየመረመሩ የፓርቲዎችን ዕድል ሲያከፋፍሉ መታየታቸው ለፍርድ ቤት ክብር አደገኛ ነው። ግን ይህ ጉዳይ ወሰኑን ለመለየት የሚያስቸግር አልነበረም። አድራጊው የሚቻለውን የመጨረሻ ጫፍ ፈልጌ እዚያ ደረስሁ ብሎ በአደባባይ ተናግሯል። መካከለኛውን ለመለየት መለኪያ ቢጠፋ እንኳ ጫፉን ለማወቅ መለኪያ አያስፈልግም ነበር።

ወደ ግዛቱ ተመልሶ

ዋና ዳኛው ያመለከቱት መንገድ በመጀመሪያ ክፍት መስሎ ታየ። የኖርዝ ካሮላይና ሕገ መንግሥት ምርጫዎች ሁሉ ነጻ ይሆናሉ የሚል አጭር አንቀጽ አለው። በሴፕቴምበር 2019 የግዛቱ የሦስት ዳኞች ችሎት በዚህ አንቀጽ ተመሥርቶ የግዛት ምክር ቤቶቹን ካርታ ሻረ። ለዚህም በ2018 ያረፉት የሆፌለር የኮምፒውተር ፋይሎች፣ ከሞቱ በኋላ በልጃቸው አማካይነት ለከሳሾች ደርሰው በማስረጃነት ቀርበው ነበር። በኦክቶበር ያው ችሎት የኮንግረሱን ካርታ አገደ፤ ምክር ቤቱም በኖቬምበር ሌላ ሠራ። ግሪንስቦሮ በአንድ ክልል ውስጥ ተጠቃለለች፤ የኤ ኤንድ ቲ ግቢም አንድ ሆነ። የ2020 ምርጫ ውጤት ስምንት ሪፐብሊካን፣ አምስት ዴሞክራት ነበር።

ከ2020 ቆጠራ በኋላ ግዛቱ ዐሥራ አራተኛ ወንበር ስላገኘ ካርታው እንደገና ተሠራ፤ በፌብሩዋሪ 2022 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአራት ለሦስት ድምፅ ሻረው። ለዚያ ዓመት ብቻ በፍርድ ቤት ባለሙያዎች የተዘጋጀ ካርታ ሥራ ላይ ዋለ፤ ውጤቱ ሰባት ለሰባት ሆነ። በኖርዝ ካሮላይና ግን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞችም የሚመረጡት በፓርቲ ነው። በዚያው የ2022 ምርጫ ሁለት የዳኝነት ወንበሮች ወደ ሪፐብሊካን ተሻገሩ፤ ፍርድ ቤቱ አራት ለሦስት ዴሞክራት የነበረው አምስት ለሁለት ሪፐብሊካን ሆነ። አዲሱ አብላጫ ጉዳዩ እንደገና እንዲሰማ ፈቀደ፤ በኤፕሪል 28 ቀን 2023፣ ከዐሥራ አምስት ወር ገደማ በፊት የተሰጠውን ውሳኔ ራሱ ሻረው። ሕገ መንግሥቱ አልተለወጠም፣ አንዲት ቃል አልተጨመረበትም፤ የተለወጡት ዳኞቹ ናቸው። የአዲሱ ውሳኔ ምክንያትም የሮበርትስን ይመስላል፤ ለፍርድ ቤት የሚመች መለኪያ የለም የሚል ነው። በዚያው ዓመት በጁን የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሙር በሃርፐር ላይ በተባለው መዝገብ፣ የግዛት ፍርድ ቤቶች የኮንግረስ ካርታን የመመርመር ሥልጣን አላቸው ብሎ ወሰነ። ለኖርዝ ካሮላይና ግን ዘገየ። ሥልጣኑ ያለው ፍርድ ቤት አልጠቀምበትም ካለ ሁለት ወር አልፎት ነበር።

በኦክቶበር 2023 ምክር ቤቱ አዲስ ካርታ አወጣ። ግሪንስቦሮ የምትገኝበት የጊልፎርድ ካውንቲ ለሦስት ክልሎች ተከፋፈለ። ሦስት ዴሞክራት ተወካዮች ክልላቸው ከእጃቸው መውጣቱን አይተው እንደገና አልተወዳደሩም። በኖቬምበር 2024 ዶናልድ ትራምፕ ግዛቱን በ51 በመቶ ገደማ አሸነፉ፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው የድምፅ መስጫ ወረቀት ዴሞክራቱ ጆሽ ስታይን በሰፊ ልዩነት የግዛቱ ገዥ ሆነው ተመረጡ። የኮንግረሱ ውጤት ግን አሥር ለአራት ነበር።

በኦክቶበር 2025 ምክር ቤቱ ምንም የሕዝብ ቆጠራ ሳይደረግና ፍርድ ቤት ሳያዘው ካርታውን እንደገና ቀየረ። ዓላማው አሁንም በግልጽ ተነገረ፤ በሰሜን ምሥራቅ ያለው፣ ከ1992 ጀምሮ ያለማቋረጥ ጥቁር ተወካዮችን ወደ ኮንግረስ ሲልክ የኖረው አንደኛ የምርጫ ክልል ወደ ሪፐብሊካን እንዲዞርና ቁጥሩ አሥራ አንድ ለሦስት እንዲሆን ነው። በ2016 ሉዊስ አይቻልም ያሉት አሥራ አንደኛው ወንበር መሆኑ ነው። ገዥው ስታይን ተቃውሟቸውን አሰሙ፤ ካርታው ግን ለፊርማ ወደ ገዥው ጠረጴዛ የሚመጣ አልነበረምና በሁለቱ ምክር ቤቶች ድምፅ ብቻ ሕግ ሆነ።